ኮርኒስ ላይ ሆድ ሲደርቅ

ታኅሣሥ 3 ቀን 1981

ዛሬም ኮርኒስ ላይ። ከታች አክስቴ ነፊሳ ሱቋ ውስጥ በጨርቅ ዋጋ ትከራከራለች። የብሔራዊ ውትድርናው አፈሳ ካላባራ መውረድ የለም። ቆሎ ቆረጠምኩ፣ ተኛሁ፣ ተነሳሁ... ደግሞ ቆሎ።

ታኅሣሥ 5

አክስቴ ፖፖዬን ልትደፋ ስትወጣ ጎረቤታችን ሰገነት የጋራው ሽንት ቤት በር ላይ አገኘቻት።

«ብቻሽን አይደለሽ እንዴ? ቀን በቀን የማንን ፖፖ ነው የምትደፊው?»

«አሞኝ ነው» ብላ አመለጠች። የሰገነት ባል አስናቀ የቀበሌ ዘብ ነው። እስከ መቼ ታመልጣለች? በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከከንፈር ማርጠቢያ በላይ ውሃ የለም። ምግብም ለነፍስ ያህል። ካልገባ አይወጣም!

ታኅሣሥ 10

እውነትም አልወጣ አለ። ሆዴ ከበሮ ሆኗል። አማጥኩ፣ አማጥኩ... ደም አየሁ። ሐኪም ቤት ብሄድ ከአልጋ አንስተው ወደ ማሠልጠኛ ነው። እዚሁ ልሞት ነው? በሆድ ድርቀት?

በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ ጣና ይታያል። ያ ሁሉ ውሃ...

ታኅሣሥ 11

ሆዴን ይዤ ሳቃስት አክስቴ ሰማችኝ። የተወቀጠ ተልባ ከአንድ ጆግ ውሃ ጋር አመጣች። ተልባውን በደረቁ ቃምኩት። ውሃውን አልነካሁም።

ታኅሣሥ 12

ባሰ። ቀጥ ብዬ መቀመጥ አቃተኝ። አክስቴ ጆጉን ሙሉ ስታገኘው በሹክሹክታ ጮኸችብኝ።

«ተልባን ያለ ውሃ? ጭራሽ ልትደፍነው? ፖፖ መድፋት ሰለቸኝ ብየሀለሁ? ሬሳህንስ በየት በኩል ላውጣው?»

አለቀስኩ። እሷም።

ታኅሣሥ 15

ጠዋት በባዶ ሆድ ለብ ያለ ውሃ። ተልባ በጥብጣ። ጎመን። «ተንቀሳቀስ» ስላለችኝ፣ መቆም ስለማይቻል ከግድግዳ ግድግዳ እድሃለሁ። ኮርኒሱ ይንቋቋል። ምን ላድርግ? እስካሁን ምንም... ያ አላህ፣ ይቺን ብቻ።

ታኅሣሥ 17

ወጣ! አልሐምዱሊላህ! እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አክስቴ ፖፖውን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ስትመለስ በእጇ ፓፓያ አለ። ፊቷ አመድ መስሏል። ሰገነት ሽንት ቤቱ በር ላይ ጠብቃት ኖሯል።

«እንች፣ ይችን ለልጁ ስጭው።»

«የምን ልጅ?»

«ኮርኒሱ ሲንቋቋ ሰማሁት፣ ነፊሳ። አይጥ ነው ብየ ለአስናቀ ነገርሁት።» ከዚያ፣ «የኔን አምሐን ማን ውሃ እያጠጣው ይሆን?» አለቻት።

ልጇ አምሐ እኩያዬ ነው። አምና ከዚሁ ግቢ ነው አፍሰው የወሰዱት።

ፓፓያውን በላሁ። ውሃውንም እስከ ጭላጩ ጠጣሁት።