አቶ ዓለሙ ሽፈራው እና የጀይላን ጠመንጃ

አቶ ዓለሙ ሽፈራው ከአባታቸው ከአቶ ሽፈራው ሞገስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ በቀወት ቆላ በ1899 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ደብረ ሲና ወጥተው ነው። ዳዊት ሳይጨርሱ ግን ወደ አዲስ አበባ ሄደው ከአንድ አርመናዊ ዘንድ አምስት ዓመት ጠመንጃ መጠገን ተማሩ፤ ተመልሰውም ሸዋ ሮቢት ላይ ወናፋቸውን ተከሉ። «ቀጥቃጭ ሆኖ ቀረ» ብሎ ያማቸው ሁሉ፣ ጠመንጃው ሲነክስበት ከደጃቸው አይጠፋም ነበር። በ1921 ዓ.ም. ወይዘሮ አበበችን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

በ1926 ዓ.ም. ወዳጃቸው አቶ ጀይላን ሷሊሕ የበኩር ልጃቸውን አብዱልሀኪምን የጡት ልጅ አድርገው ሰጧቸው። በአገራችን ልማድ ሕፃኑ በማር የተነከረ የአቶ ዓለሙን አውራ ጣት ጠባ፤ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ቤትም ከዚያ ወዲያ ተዛመደ። ይህን ታሪክ የጻፈው ያ ልጅ ነው።

አቶ ጀይላን፣ አባታቸው በግመል ንግድ ወደ ጠረፍ ወርደው ያመጡት ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ነበራቸው። አንደኛው አፈሙዝ ጥይት፣ ሁለተኛው ለወፍ አደን የሚበተን እርሳስ ይተኩሳል። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ገብቶ መሣሪያ አስረክቡ ሲል አቶ ዓለሙ ጠመንጃውን ፈታቱት። አፈሙዞቹ በማሽላ ጉድጓድ፣ ሰደፉ በራሳቸው ቤት ጣሪያ፣ ጥይቱን የሚመታው ትንሽ መዶሻ ደግሞ ከወንዝ ማዶ በአቶ ጀይላን እህት በወይዘሮ ራቢዓ የጥጥ ከረጢት ውስጥ ተደበቀ። አንዱ ቤት ቢፈተሽ የሚገኘው ቁራጭ ብረት እንጂ ጠመንጃ አይሆንም ብለው ነው።

በ1931 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ከአርበኞች ጋር የነበሩት አቶ ጀይላን ጠመንጃው እንዲገጠምላቸው ላኩ። በዚያ ሳምንት በወንዙ ድልድይ ላይ የቆመው የጣሊያን ዘብ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ይፈትሽ ነበር። አቶ ዓለሙ ፈሩ። መዶሻውን ከማዶ በማምጣት ፈንታ ከተሰበረ ካሚዮን ባሌስትራ ብረት ሌላ መዶሻ ቀጥቅጠውና ሞርደው ገጠሙ። አቶ ጀይላን ሊረከቡ መጥተው «ይሄ የአባቴ ነው?» ቢሏቸው «አዎን» አሉ።

ሰኔ 12 ቀን አቶ ጀይላን ከደብረ ሲና በታች ቁልቁለቱ ላይ በውጊያ ወደቁ። ጓደኞቻቸው ያመጡትን ጠመንጃ አቶ ዓለሙ ሲከፍቱት አዲሱ መዶሻ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ጥይቱም ሳይተኮስ በውስጡ ቀርቷል። በጥድፊያ ከልክ በላይ አግለው ውሃ ውስጥ ስለከተቱት ብረቱ እንደ ገል ተሰባሪ ሆኖ ነበር።

በ1933 ዓ.ም. ጠላት ሲወጣ ወንዙን ተሻግረው ዋናውን መዶሻ ከጥጡ ውስጥ አወጡ። ዝጓል። ሞረድ ቢነካው ልኩ ይጠፋል ብለው አንድ ወር ሙሉ በዘይት እየዘፈዘፉ፣ በጨርቅና በአመድ እየፈተጉ አጸዱት፤ ቦታው ላይም ልክ ሆነ። ከዚያ ጠመንጃውን ተሸክመው ወደ አቶ ጀይላን ባለቤት ወደ ወይዘሮ ከዲጃ ሄዱ፤ ማንም የማያውቀውን ነገር ሁሉ ተናግረው «አፉ በይኝ» ሲሉ ይቅርታ ለመኑ። ወይዘሮ ከዲጃም «ጋሼ ዓለሙ፣ ብረቱስ ቦታውን አገኘ። እኔ ጀይላንን የት ሄጄ ላግኝ?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት፣ መስከረም በጠባ ቁጥር ጠመንጃውን በዘይት ሊወለውሉ ወደዚያ ቤት ይሄዱ ነበር። የጡት ልጃቸውንም አስተማሩ። ወይዘሮ ከዲጃ ወተት አቅርበው፣ እስከ ደጅ ይሸኟቸው ነበር፤ ያቺን ቃል ግን አልተናገሯትም። ክፋት አይደለም። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚሉ ሴት ስለሆኑ፣ ልባቸው ያላለውን በአፋቸው ማለት አልሆነላቸውም። አቶ ዓለሙም ዳግመኛ አልጠየቁም።

ባለፈው ኅዳር የሳንባ ሕመም ጸናባቸው። ታኅሣሥ 4 ቀን ወይዘሮ ከዲጃ መጥተው አልጋቸው አጠገብ ተቀመጡ፤ እጃቸውንም ይዘው «አፉ ብያለሁ» አሏቸው። አቶ ዓለሙ ግን ከዋዜማው ጀምሮ ሰው አይለዩም ነበር። በማግስቱ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አበበች፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውና የጡት ልጃቸው በሐዘን ቀርተዋል።

ወይዘሮ ከዲጃ «ዘገየሁ» እያሉ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። አቶ ዓለሙ ሰምተዋቸው እንደሆነ ስላላወቁ፣ አስከሬኑ ወደ መቃብር ሳይወርድ ቃላቸው በሕዝብ ፊት እንዲነበብላቸው አዘዋል። ቃላቸው ይህ ነው፦ «ጋሼ ዓለሙ፣ አፉ ብያለሁ። አላህም አፉ ይበልዎ፤ ነፍስዎን ይማርልኝ።»