የረባሾች ስም ጻፊ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም ሐዋን ጻፍኳት። አንደኛ ረባሽ። መ/ር ታደሰ መዳፏን ሁለት ጊዜ በጎማ መታት። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ምን ነበረበት፣ ማስታወሻዬ?

የክፍል አለቃ መሆን ደስ ይላል። መምህር ሲወጣ ቀዩን ደብተር ይዤ ፊት እቆማለሁ። «ሰርዢኝ፣ በናትሽ» ይሉኛል። ማስቲካ ይሰጡኛል። ሐዋ አትለምንም። ጥግ ላይ ዝም። የመጀመሪያው ሳምንት አማርኛ ስታነብ አነጋገሯን አስመስዬ ክፍሉን በሳቅ ገደልኩት። ከዚያ ወዲህ አፏን አልከፈተችም። ባለሱቅ አባቷ ይናገርላት!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6፣ ከሰዓት

ወላጅ ተጠራ። የሐዋ አባት ሽርጣቸውን አገልድመው መጡ። አማርኛ ማንበብ አይችሉም። ር/መምህሩ አንብቢላቸው አሉኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ሐዋ። ሐዋ። ሐዋ። አንገታቸውን ደፉ። ልጃቸውን አንድ ነገር አልጠየቋትም። ሁሉንም ይቅርታ ጠየቁ፣ እኔንም ጭምር። አባዬ ካምፕ ውስጥ ሃምሳ አለቃ ነው። እኔ ግን ዛሬ ጄኔራል ነኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ጉድ ሆንኩ።

ዝርዝሩን የምጽፈው ጠዋት ነው፣ ከሰልፍ በፊት። ማን ይለፋል? ዛሬም ጻፍኩ። መ/ር ታደሰ ሐዋን ጠራት። ደግሞ ጠራት። ዘሃራ ከኋላ ሆና፣ ሐዋ እኮ ዛሬ ጭራሽ አልመጣችም አለች። ክፍሉ አውካካ። በእኔ!

ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠው። ሐዋ ከተናገረችው አንድ ቃል ንገሪኝ አለኝ። አንድ። አጣሁ። ጎማውን እያየ ቆመ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። የመታት እኮ እሱ ነው። እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? አልመታኝም። ለአባቷ ራስሽ ንገሪያቸው፣ እኔም ሰኞ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ አለ። ደብተሩን ወረወረልኝ። አለቅነቴ ቀረ። ሐዋን ጠላኋት፣ በመቅረቷ።

ቅዳሜ

ሱቃቸው ሄድኩ። አባቷ ከሩዝ ማዳበሪያው ላይ ብድግ አሉ። «አካም፣ ናጋ ነሽ ልጄ?» ልጄን ለማረም ደክመሻል፣ አላህ ይስጥሽ አሉኝ። ትምህርት ለሐዋ አይሆናትም፣ አሳፈረችኝ። ሰኞ ጠዋት ሞያሌ አክስቷ ጋ ትሄዳለች፣ እዚያ ሱቅ ትጠብቃለች። ብስኩት ሰጡኝ። ሐዋ ከመጋረጃው ወዲያ ልብሷን ታጥፋለች። አየችኝ። ብስኩቱን በላሁት። እያየችኝ በላሁት። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

እሁድ፣ 11 ሰዓት

ምሳ አልበላሁም። እማዬ አሞሻል ወይ ትላለች። አላመመኝም። አፈርኩ። አባዬ ከሰማ በቀበቶ ነው። ይግረፈኝ። አይ፣ እፈራለሁ።

መ/ር ታደሰ እስኪሄድ ሐዋ አትቆይም፤ አውቶቡሱ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳል። አባቷ ሳይሸኟት አይቀሩም፤ 11 ተኩል መናኸሪያ እገኛለሁ። ቀዩን ደብተር ይዤ። እሷም እየሰማች ነው የምናገረው። የምለውን እዚህ ልለማመድ፦

አባባ፣ ያነበብኩልዎት ውሸት ነው። ሐዋ አንድም ቀን አልረበሸችም። ዝም ስላለች ነው የጻፍኳት። ዝም ያሰኘኋትም እኔ ነኝ።