የእህቴ ሰርግና የደሳለኝ ቸርኬ

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ፊቷን አየችበት። በደሳለኝ ቸርኬ ላይ! የገዛ እህቴ ስመኝ ጎንበስ ብላ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ "ኧረ እዩት፣ ፊቴ ይታያል እኮ!" ብላ ሳቀች። አጠገቡ የኔ መኪና ቆማለች። ዞር ብሎ ያያት የለም።

ደሳለኝ የሙሽራው የአጎት ልጅ ነው። ቃና ዘገሊላ ታቦት ሸኝተን ስንመለስ፣ የወንድ ወገን ሽማግሌዎችን ከአንበሳሜ ጭኖ ግቢያችን ገባ። ነጭ አውቶሞቢል፣ አራቱም እግሯ የአሉሚኒየም ቸርኬ። ያን ሁሉ አቧራ አቋርጦ መጥቶ እንዴት እንደዚያ ያበራል? የኔም አሉሚኒየም ነው። ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ፣ መርጬ የገዛሁት። አሁን የፍሬን ሸራ ብናኝ ተጋግሮበት የተቃጠለ ድስት መስሏል።

ሰርጉ እሑድ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ እንደ ቀላል ነገር ጣል አደረጉት፤ "የሙሽሮቹ መኪና የደሳለኝ ብትሆንስ? ታምራለች" አሉ። አባየም "ልጅቱን ጠይቀን ዓርብ እንነግራችኋለን" አሉ። ስመኝ "የወንድሜ መኪና እያለች?" እንኳ አላለችም።

ወረታ ላይ የስንቱን ሙሽራ ያመላለስሁ ሰው ነኝ። የእህቴን ሌላ ሰው ይነዳታል? መኪናዋን የገዛሁ ዕለት መጀመሪያ የተቀመጠችባት ስመኝ ናት። ወንበሩ ላይ ላስቲኩ እንኳ አልተነሣም ነበር። ይህን ያስታወሰ የለም።

እራት ሲቀርብ ጠግቤያለሁ አልሁ። አልጠገብሁም።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ጧት ሥራ አልወጣሁም። ስልኬ ላይ ስለ ቸርኬ ስመለከት አረፈድሁ። የያዝሁት ይኸው፦

ቸርኬው ሳይቀዘቅዝ ውሃ አይነካውም።
አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ሌላው አይሄዱም።
ለስላሳ ብሩሽና ሳሙና ብቻ። አሲድ በፍጹም።
በደንብ ይደርቃል።
ከዚያ ለቸርኬ የተሠራ መከላከያ ቅባት ወይም ሰም በስሱ ይቀባል። ብናኙ እላዩ ላይ ይቀርና ቀጣዩ እጥበት ይቀላል።

ለካ የደሳለኝ ምሥጢር ይኸ ነው። እስከ ማድረቁ ሁሉንም አደረግሁ። የሚቀባውን ግን በየሱቁ ዞሬ አጣሁት። አንዱ የጎማ ማጥቆሪያ አውጥቶ "ይኸም ያው ነው" አለኝ። ያው አይደለም። ደሳለኝን ደውለህ ጠይቀው የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልደውልም።

ደጅ ተቀምጬ ስናደድ ነው የመሪጌታ ልጅ መሆኔ ትዝ ያለኝ። ጧፍ በሚሠራበት ቤት አድጌ ሰም አጣሁ ብዬ አዝናለሁ? አባየ ዘንድ ገባሁ።

"ሰም ፈልጌ ነበር አባየ።"

"ለምንህ?"

"ለመኪናዋ። እግሯን ልቀባው።"

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። "የቤተ ክርስቲያኑን እንዳትነካ። ከኔ ቀፎ የወጣው እዚያ ቁና ውስጥ አለ፣ ከሱ ውሰድ" አሉ። ልወጣ ስል ደግሞ፣ "ይኸ የመኪና እግር ሲሄድ አይግልም እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። ልሰማቸው ጊዜ አልነበረኝም።

ከኑግ ዘይት ጋር አቅልጬ፣ ቀዝቀዝ ሲል በጨርቅ ቀባሁት፤ ወለወልሁት። አበራ! እውነት አበራ። ስመኝ ወጥታ "ሞላየ፣ ይኸ ደግሞ መቼ ተገዛ?" አለችኝ። ማር ማር ይሸታል። አንድ ንብ መጥቶ የኋላውን ጎማ ሲዞረው ዋለ። ይዙር። ዛሬ እራት በላሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ጉድ ሆንሁ።

ደብረ ታቦር የሚሄዱ ሰዎች ኮንትራት ያዙኝ። መውጣቱ ደህና ነበር። ስመለስ ያንን ቁልቁለት በፍሬን ነው የወረድሁት። ፎገራ ሜዳ ስደርስ ገበሬው ሁሉ አውድማ ላይ ነው፤ ሩዝ ይወቃል፣ ነፋሱ ገለባውን መንገድ ለመንገድ ይነዳዋል። እኔ ሙዚቃ ከፍቼ፣ ክንዴን በመስኮት አውጥቼ መጣሁ።

ወረታ መገንጠያው ላይ ስቆም የባጃጅ ሾፌሮቹ በሳቅ ፈረሱ።

"ሞላ! ቸርኬህ ፂም አበቀለ እኮ!"

"የመሪጌታ ቤት መኪና አይደለች? መንኩሳ ነው!"

ወርጄ አየሁ። ሰሙ በፍሬኑ ግለት ቀልጦ፣ አቧራውን አቡክቶ፣ በላዩ ገለባውን ተክሎበታል። አራቱም ላይ። እውነት ፂም ነው።

በዚያ ላይ ደሳለኝ እዚያው ቆሟል፤ ለሰርጉ ለስላሳ ሊጭን መጥቶ ነው። እሱ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ቁጢጥ ብሎ በጣቱ ነካ አደረገና አሸተተው። "የንብ ሰም ነው? ይኸማ ግለት አይችልም። ቤት ወስደህ በለብ ያለ ውሃ..." ሲል መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁበት። ሰው እየተናገረ በር ዘግቼ ሄድሁ።

ቤት እንደ ደረስሁ የድስት ሽቦ ይዤ ወረድሁበት። የፊት ግራው ሰሙ ወጣለት፤ ከሰሙ ጋር ልባሱም ወጣ። ድመት የቧጨረው መሰለ። ያን ጊዜ ሽቦውን ወረወርሁት። ሦስቱ እንደ ፂማቸው አደሩ።

የደሳለኝ ጎማ ይፈንዳ አላልሁም። አልሁ እንጂ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በልቤ።

ዓርብ፣ ጥር 15

ቁርጡ ታወቀ። አባየ ስመኝን ጠርተው፣ እኔም እናቴም ባለንበት፣ "በማን መኪና ትወጫለሽ?" አሏት። አንገቷን ደፍታ "በደሳለኝ" አለች። ምክንያት የለ፣ ምን የለ። በደሳለኝ!

ምሳ ጥዬ ወጣሁ። የርብ ድልድይ ዘንድ አቁሜ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጥሁ። ከብት ውሃ ሲጠጣ አየሁ። የተቧጨረውን ቸርኬ ላለማየት በቀኙ በር ነው የወረድሁት። ሰው ለቸርኬ እህቱን ይሸጣል ብዬ አሰብሁ፤ ቀጥሎ ሻጯ እሷ፣ የተሸጥሁት እኔ መሆኔ ገባኝና የባሰ ተናደድሁ።

አንድ ባጃጅ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ስመኝ ናት። ሙሽራ ከቤት አይወጣም ሲሏት ማንን አስፈቅዳ እንደመጣች እንጃ።

"ስልክህን ለምን ዘጋህ?"

"ለመነጋገር ደሳለኝ አለልሽ" አልኋት። እኔ እንደ ልጅ።

"አንተየ ምን ነካህ?" ብላ ጮኸችብኝ። "አንተ መሪ ይዘህ ከሙሽራው ጋር ከመጣህ በሩን ማን ሊይዝልኝ ነው? ሌላ ወንድም አለኝ? አባየ ወጥተው ይግፉልኝ?"

ደነገጥሁ። የሙሽሮቹ መኪና ጧት ሙሽራውን ይዞ ከአንበሳሜ ነው የሚመጣው። ሾፌሩ ከነሱ ጋር ነው። በር የሚይዘው ወንድም ደግሞ ከኛ ጋር ነው። ስንት ሰርግ ነድቼ፣ ስንት በር ሲያዝ ከውጭ ቆሜ እያየሁ፣ ይህን አንድ ቀን እንኳ አላሰብሁም። ቅናት አንጎልም ያዞራል።

"ታዲያ ትናንትና ከትናንት ወዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ታውቃለህ ብዬ ነዋ!"

"ቸርኬውንስ ለምን አደነቅሽ?"

"ያምራላ!" አለችና እንባዋን ጠራርጋ ሳቀች።

ቤት አደረስኋት። ከኋላ ወንበር ነው የተቀመጠችው፤ እንደ ድሮው። ቸርኬው ያምራል ያለችው ግን እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ደሳለኝ መጣ። ለሙሽሮቹ መኪና ሪባንና አበባ ሊወስድ ነው፤ ማዘጋጀቱ ለኛ ሴቶች ነው የተሰጠው። ሰላምታ ሰጠኝ፤ በር እንደዘጋሁበት አንዲት ቃል አላነሣም። ቀጥታ የኔ መኪና ዘንድ ሄዶ ቁጢጥ አለ። ማን ጠራው?

"ለብ ያለ ውሃ ታመጣልኛለህ ወንድሜ?" አለኝ። ምን ልበል? አመጣሁ።

ሰሙን በለብታው አላቀቀው፣ የቀረውን ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ጠረገው፣ እንደገና በሳሙና አጠበው። እኔ አደረቅሁ። ከዚያ ከመኪናው አንዲት ክብ ቆርቆሮ አወጣ። ለቸርኬ የተሠራው መከላከያ ይኸ ነው። "ስስ፣ በጣም ስስ" ይላል። "እንደ ቅቤ አትለቅልቀው። ነጣ ነጣ ሲል በንጹሕ ጨርቅ ትወለውለዋለህ። እስከ ነገ ውሃ አታስነካው።"

የተቧጨረው ዘንድ ሲደርስ በጣቱ ዳሰስ አደረገው። "ይኸ ጭረት አይለቅም" አለ። "ቅባቱ ግን ሌላ እንዳይበላው ይጠብቀዋል። ነገ ግራዋን ወደ አጥሩ አድርገህ አቁማት፣ ማንም አያይም።"

ደግ ሰው ነው። ደግ መሆኑ ራሱ አናደደኝ። ትንሽ ክፉ ቢሆን ምን ነበረበት? ሲሄድ "ነገ በሩ ላይ ብዙ አታቁመን እሺ" ብሎ ሳቀብኝ። አየዋለሁ አልሁት።

እሑድ፣ ጥር 17

ሄደች። ቤቱ ሰው ሞልቶ ጭር ብሏል። ሳልረሳው ልጻፈው።

ረፋድ ላይ ጥሩምባቸው ከመንገዱ ተሰማ። በሩን ያዝሁ፤ ሁለት እጄን መቃኑ ላይ ተክዬ። ከኋላዬ ልጃገረዶቹ ይዘፍናሉ፣ ከፊቴ ሚዜዎቹ ይለምናሉ፣ ሽቶ ይረጩብኛል፣ ይገፉኛል። መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ ሰዉ "በቃ፣ በቃ፣ አስገባቸው" ማለት ጀመረ፤ እጄ እንቢ አለኝ። እውነቴን ነው፣ መልቀቅ አቃተኝ። ሙሽራውን አየሁት። ምንም አልበደለኝም፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ቀናሁበት። ከነገ ጀምሮ ጧት ጧት "ስመኝ" ብሎ የሚጠራት እሱ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በማይሆን ሰው ስቀና ከርሜያለሁ።

አባየ ከውስጥ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ። "በቃ ልጄ፣ ልቀቃቸው" አሉ። ለቀቅሁ።

ሲወጡ መኪናው በር ድረስ ሸኘኋት። የደሳለኝ ቸርኬ ያው ያበራል፤ ዛሬ ግን ያየው የለም፣ ሰው ሁሉ እሷን ነው የሚያየው። መስተዋቱን አወረደች።

"ሞላየ፣ ለመልሱ አንተ ነህ የምታመጣኝ። ሌላ ሰው እንዳትልክ።"

ደሳለኝ መሪውን እንደያዘ ዞር አለ። "እኔ አመጣችሁ የለም ወይ?"

"አይ፣ ወንድሜ ያመጣኛል" አለችው።

ቅር አለው፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ያን ሁሉ ደግነት ለዋለልኝ ሰው ማዘን ነበረብኝ። አላዘንሁም። ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።