ሳቁ ያለበት ዘፈን

ሚያዝያ 4፣ ሐሙስ

ቀኑ ተቆረጠ! ዊሳሜ ልትዳር ነው! ሚያዝያ 25፣ ሐሙስ። እጇን የምትቀባው ሂና ዋዜማውን፣ ረቡዕ። አማቾቹ ገና ከበር ሳይወጡ ጣሪያው ላይ ሮጬ ወጣሁና ለዳክዬዎቹ ነገርኳቸው። "ሦስት ሳምንት ቀርቷችኋል፣ ብሉ!" ባሌ ከታች ሰምቶ "ሴትዮዋ ለየላት" ይላል። ይበል! አንድ ልጅ ናት ያለችኝ።

ደብተሩም የእሷው ነው። ከትምህርት ቤት የተረፈ፣ ግማሹ ባዶ። ለማን ላውራ ታዲያ? ሰው ሁሉ ተኝቷል ከምሳ በኋላ።

አሁን የቀረው የሂናው ዘፈን ነው። በዚህ ሰፈር የረጀብ እናት ሳታወጣላት ሂና የተቀባች ሙሽራ የለችም። ግድግዳ የሚለየን ጎረቤቴ ነብዊያ... ሰባቱን ስንኝ አሟልታ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። እሷ ታወጣለች፣ እኛ እንቀበላለን።

ግን እንዴት ብዬ ልጠይቃት?


ሚያዝያ 5፣ ዓርብ

ዛሬም በባጃጅ አለፈ፣ ያ ዘፈን። ልጇ ረጀብ ያመጣው ጣጣ ነው። እናቱ ዓሣ እየጠረገች ስታንጎራጉር ተደብቆ በስልኩ ቀዳት፣ ጓደኛው ከሥር የኤሌክትሪክ ከበሮ ጨመረበት፣ በሳምንቱ እስክንድርያ ድረስ ሠርግ ቤት ሁሉ እሱ ሆነ። መጨረሻው ላይ ነብዊያ "ዝጋው አንተ ባለጌ!" ትላለች፣ እሱ ይስቃል። ያን ሳቅ የማያውቅ የለም።

ከዚያ በሊቢያ በኩል ወደ አውሮፓ ሄደ። ጀልባ ላይ ልወጣ ነው ብሎ ደወለ... በቃ። አሥራ አራት ወር።

ሲወለድ ነብዊያ ታማ ስለነበር ሦስት ወር የእኔን ጡት ጠብቷል። ለዊሳም የወተት ወንድሟ ነው። ለሠርጓ እጇን ይዞ ከቤት የሚያወጣት እሱ ነበር።

ወሬዬን በሠርግ ጀመርኩት፣ በምን ጨረስኩት!


ሚያዝያ 6፣ ቅዳሜ

ምላሴ ይቆረጥ። እግሬም ይሰበር።

ሐዘን ካለበት ቤት ፈቃድ ሳይጠየቅ እልል አይባልም። እናቴ እንዲህ አስተምራኛለች፣ የእሷም እናት። እኔም ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ ሄድኩ። ነብዊያ የረጀብን ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ እያሰጣች ነበር። ራሷ ላይ ያ ቢጫ አበባ ያለበት ሻሽ። ደስ ብሏት ሳመችኝ።

"ነብዊያ፣ የዊሳም ቀን ተቆርጧል... ፈቃድሽን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።"

ብርድ ልብሱን አንዴ አራገፈችው።

"ፈቃድ? ፈቃድ የሚጠየቀው ማን ነው ኢንሻራህ?"

የያዝኩትን ስኳር ሰጠኋት።

"ንገሪኝ እንጂ። ማን ሞተብኝ?"

"ኧረ ማንም... እኔ እንዲያው ለወጉ..."

ስኳሩን አየችው። ስኳር ይዞ የሚኬደው ለቅሶ ቤት ነው። እጄ ላይ መልሳ አስቀመጠችው፣ ቀስ ብላ። በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

አሥራ አራት ወር ድንኳን አልጣለችም፣ ጥቁር አልለበሰችም። ሰፈሩ ሁሉ በልቡ ቀብሮት አፉን ይዞ ነበር። ልጇን በአፌ የገደልኩባት እኔ ነኝ።


ሚያዝያ 10፣ ረቡዕ

አማችነት እንዲህ ነው ለካ። የሙሽራው የሀምዲ እህት ከእሱ ጋር መጥታ "አክስቴ ምን ያስጨንቅሻል? የተቀዳው አለ፣ ድምፅ ማጉያ እናስመጣለን፣ አለቀ" ትለኛለች።

ዊሳም ዳቦውን አስቀምጣ "በእሷ ድምፅ፣ እሷ ሳትኖር? እጄን ለሂና አልሰጥም" አለች።

"እና ያለ ሂና ልታገቢ ነው?" አለቻት።

"ያለ ሂና። ያለ ዘፈን። እንደ ፈት።"

ቃሏን አትመልስም፣ አውቃታለሁ። ሀምዲ ወጣና ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ ሲፍቅ ቆየ። የሌለ ጭቃ።

ነብዊያ አሁንም በሩን አትከፍትልኝም።


ሚያዝያ 14፣ እሑድ

ጣሪያ ላይ ዳክዬ እያበላሁ ነበር። ባጃጁ ዘፈኑን ከፍቶ መጣ። ነብዊያ መንገዱ መሐል ቆመችና አስቆመችው።

"መጨረሻውን አሰማኝ ልጄ።"

አሰማት። ድምፅዋ አለ፣ ከበሮው አለ... ከዚያ ጡሩምባ። ሳቁ የለም።

"የልጄ ሳቅ የታለ?"

"አዲሱ እንዲህ ነው አክስቴ። ለጭፈራ አይመችም ብለው ቆርጠው አወጡት።"

"አሮጌውን ክፈትልኝ።"

"አሮጌው የለኝም። አሁን ማንም የለውም።"

ባጃጁ ሄደ። እሷ አልሄደችም። መኪና በግራዋም በቀኟም እየዞራት አለፈ። መውረድ ነበረብኝ። አልወረድኩም። ምን ፊት አለኝ?


ሚያዝያ 15፣ ሰኞ

ለዊሳም ነገርኳት። አልጋው ሥር ገብታ መስታወቱ የተሰነጠቀውን አሮጌ ስልኳን አወጣች። ኃይል ለመሙላት ግማሽ ቀን ፈጀ... አሮጌው ዘፈን አለ! ከነሳቁ!

ወደ ነብዊያ ይዛው ሄደች። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ጆሮዬን ለጥፌ ቆምኩ። አንዴ ተሰማ። ደግሞ። ሦስተኛው ላይ ነብዊያ ሌላ ነገር አወጣች። ዘፈን አይደለም። ያን ድምፅ እዚህ አልጽፈውም።


ሚያዝያ 16፣ ማክሰኞ

በጠዋቱ በሬን አንኳኳች። ራሷ ላይ ምንም የለም፣ ሽበቷ ተበትኗል።

"ኢንሻራህ፣ ጥቁር ሻሽ አውሺኝ። እኔ ቤት የለም፣ ገዝቼ አላውቅም።"

አወጣሁላት። እሷው አሠረችው።

"ያ ስኳርስ?"

"የቱ ስኳር?"

"አትሞኚ! የመለስኩልሽ። አምጪው፣ ለቅሶ ቤቴ ያለ ስኳር ይዋል?"

ተቃቅፈን መሬት ተቀመጥን። "ያወቅሁት ያኔ ነው" አለችኝ፣ "ስልኩ የተዘጋ ቀን። ሳቁ በየመንገዱ ሲያልፍ ግን ልጄ ሰፈር ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር።"

ሠርጉን ለዓመት እናቆየው አልኳት። ተቆጣች። "የልጄን አርባ ቀን ባሕሩ ስንቴ ቆጠረው! እኔ ከፈቀድኩ ማን ይከለክላል? ወር ይበቃል። የመጀመሪያዋን እልልታ እኔ ነኝ የማሰማው። ካላሰማሁ ሰው ሁሉ እኔን እያየ ምግቡ አይወርድለትም።"

እስቲ ይቺን ሴት...


ሚያዝያ 20፣ ቅዳሜ

ድንኳኑ ሐሙስ ተጥሎ የለቅሶው ሦስት ቀን ዛሬ አለቀ። ሬሳ የሌለው ለቅሶ እንዴት ያደክማል። ድንኳኑን ባሌና ሀምዲ ነቀሉት። ያንኑ ድንኳን ለእኛ ሠርግ መልሰው ይተክሉታል።

ነብዊያ ሁለት ነገር አዘዘች። ድምፅ ማጉያ አይገባም። ሰባተኛው ስንኝ ላይ፣ ወንድም ሙሽራዋን እጇን ይዞ የሚያወጣበት ቦታ ላይ፣ ሁላችንም ዝም እንድንል፤ ዊሳም ስልኩን ትከፍታለች፣ ሳቁ ብቻ ይሰማል፣ ከዚያ ትወጣለች።

ዳክዬዎቹ ሌላ ሦስት ሳምንት ዕድሜ አገኙ። ነገርኳቸው። ደስታዬ ተመልሶ መጣ፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም፣ ጥቁር ሻሽ አሥሮ ነው የመጣው። ይምጣ ብቻ።

ነገ በየቤቱ እዞራለሁ፦ ለለቅሶው የመጣችሁ አንዳችሁም እንዳትቀሩ! ያልመጣችሁም፣ የተጣላችሁኝም! ሂናው ግንቦት 15፣ ረቡዕ፣ ከአሱር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ። የምታወጣው የረጀብ እናት ናት።