ከጎንሽ ቆመው ላላየሻቸው

እቱ ዘይነብ፣

አምባሰል ላይ አፈር ካለበስንሽ ወዲህ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ደህና ነኝ እንዳልልሽ ተናድጃለሁ፤ የተናደድኩትም በአንቺ ነው።

የቤትሽ ጣሪያ ተጠግኗል። ልጅሽ ሐሊማ በቁመት በልጣኝ አጎቷን «አጭሩ» ትለኛለች። ምላሷን ከማን እንደወረሰች አንጠያየቅም። የወረሰችው ግን ምላስ ብቻ አይደለም። በቀደም ከጎኗ የተኛ በግ ሳታይ ተደናቅፋ ወደቀች፤ ደሴ ወሰድኳት። ሐኪሙ ከፊቷ ያለች ነጥብ ላይ እንድታፈጥ አድርጎ ከዳር ዳር ብልጭ የሚሉ መብራቶች አሳያት። የዳሮቹን አብዛኞቹን አላየቻቸውም።

«ግላኮማ ነው፤ የዓይን ግፊት። በቤተሰብ አለ?» አለ።

«የለም» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ሐሊማ አቀርቅራ «እማ ነበረባት» አለች።

ለካ ታውቂ ኖሯል! «ዘሯ ዓይነ ስውር ነው ተብላ ባል እንዳታጣ» ብለሽ ለማንም እንዳትናገር ልጅቱን በአላህ አስምለሻታል። ከጎን ሰላም የሚልሽን ሳታዪ ስታልፊ መንደሩ ኮራች ሲልሽ ዝም፤ እኔ «ንግሥታችን ዘውዱ አንገቷን አደረቀው» እያልኩ ሳሾፍ አብረሽኝ ሳቅሽ። ጎረቤትሽ ፋጡማ ሰርግ ላይ ከከበሮው መሀል ከጎንሽ እጇን ዘርግታ ስታልፊያት፣ «አላየሁሽም» ብትያት ምን ነበረበት?

ጦርነቱ የደሴን መንገድ ሲዘጋው በድብቅ የምታደርጊው የዓይን ጠብታ አለቀ፤ እሱንም ደበቅሽ። ወደ አምባሰል ስንሸሽ እኔ እቃ ተሸክሜ ከፊት ነበርኩ፣ ፋጡማ ከጎንሽ። ወደ ገደሉ ጠርዝ ስትጠጊ አይታሻለች፤ ሳትነግርሽ ወደቅሽ። «ታያለች ብዬ ነው፤ ደሞም ተኳርፈን ነበር» አለችኝ። ገደል አፋፍ ላይ ኩርፊያ! አንድ ቃል እኮ ነበር!

ባለፈው ጁምዓ መጥታ «አፉ በለኝ» አለች። አላልኳትም።

«ሐሊማ ትምህርት ቤት ስትሄድ ከጎኗ ሁኚ። ባጃጅ ሲመጣ ጩኺ» አልኳት።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ። ተኳርፋችሁም ቢሆን።»

ይኸው ትሄዳለች። ድምጿ ከመንደሩ በታች እስካለው ሐይቅ ይሰማል።

የማታውን ጠብታ የማደርግላት እኔ ነኝ። «አጎቴ፣ አፍንጫዬ ውስጥ ነው የጨመርከው» እያለች ትጮሃለች። የጠፋው አይመለስም ብሎናል ሐኪሙ፤ የቀረውን ግን አላስነካም። ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ሽማግሌ ሊልክ ላሰበም ጭምር፣ ሕመሟን በስሙ እነግረዋለሁ። የፈራ ይቅር!

አንድ ቀን ፋጡማን አፉ እላት ይሆናል፤ አንቺንም። እስከዚያው በቁጣዬም በዱዓዬም ውስጥ አለሽ። አላህ ሲያገናኘን ከጎንሽ አልመጣም፤ ከፊት ለፊትሽ ነው የምቆመው።

ወንድምሽ