ከኋላዬ የምትጮኸው ፔዳል

ይድረስ ለባለቤቴ ለሽሜ፣ ለልቤ ሰው፤

እንደምን ሰነበትክ ብዬ እንዳልጠይቅህ መልሱን ከማን እሰማለሁ? ልብህ ድንገት ከድቶህ ካረፍክ ሁለት ፋሲካ አለፈ። እኔም ልጃችን ሶሲም ደህና ነን። ልጅህ ሳንዲ ስፕሪንግስ ከተማ ሥራ ይዛለች፤ እኔም የሌሊት ፈረቃውን ትቻለሁ። ቻምብሊ ያለው ቤታችን እንዳለ ነው፤ ያልለመድኩት ጸጥታውን ነው።

ብስክሌትህን ግን ለሰው ልሰጣት ነበር። ከፈለግክ ተቆጣኝ። ሳሎን ቆማ ባየኋት ቁጥር የግራ ፔዳሏ ሲጥ ሲጥ ስትል ይሰማኛል፣ ማንም ሳይነካት። ዘይት ቀባት ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩህ! «ከኋላሽ መሆኔን እንድታውቂ ነው» ትለኝ ነበር። ሶሲ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመስጠታችን በፊት አንተ በየዓመቱ ትወስደን የነበረውን ተራራ በብስክሌትህ እንድትወጣው።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሰሜን ነዳን፤ መኪናዋን ተራራው ግርጌ ፓርክ አድርገን ተነሣን። እኔ በራሴ ብስክሌት ከፊት፣ እሷ በአንተ ብስክሌት ከኋላ። ሽሜ፣ ቀኑን ሙሉ ከኋላዬ ስትመጣ ዋልክ። ልጄ መሆኗን አውቃለሁ፤ አላበድኩም። ግን በዚያ ጫካ ውስጥ ፔዳሏ በጮኸች ቁጥር ጀርባዬ ይቀዘቅዛል፤ ዞሬ ባጣህስ ብዬ መዞር እፈራለሁ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያልክ ታበሽቀኝ የነበረበት መታጠፊያ ላይ ስደርስ ሳላውቀው ፈገግ አልኩ። ከመታጠፊያው በኋላ ድምፁ ጠፋ።

ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። እንደገና የሞትክብኝ መሰለኝ። ስዞር ሶሲ ብስክሌቷን ሣር ላይ አስተኝታ መንገድ ዳር ተቀምጣለች። «እማ፣ ሲሪየስሊ፣ አልችልም። እንመለስና ለፈለግሽው ስጪያት» አለችኝ። አልቅሳለች። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። ከዚያ ከአፌ ያመለጠኝን ልንገርህ፤ «በሞቴ፣ አንድ መታጠፊያ ብቻ!» አልኳት።

ያንተ ቃል ናት። ዳገት ላይ ስቆም በእሷ ነበር የምታስነሣኝ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ግን እንግዳ «በሞቴ» ብሎ ሲያጎርሰኝ እንኳ ፊቴን አዞራለሁ፤ ቤታችን ውስጥማ ማናችንም ደፍረን ብለናት አናውቅም። ሶሲ ትክ ብላ አየችኝ፤ አፍንጫዋን ጠረገችና ተነሣች። አንድ ያልኳት መታጠፊያ ብዙ ሆነ። አንተም እንዲሁ ነበር የምትዋሸኝ።

ጫፉ ላይ ብዙ አልቆየንም፤ ንፋሱ አላስቆመንም። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሶሲ አልፋኝ ሄደች። ፍሬን ያዢ ብዬ ጮህኩ፤ የሚሰማኝ አላገኘሁም። ታች ሜዳው ላይ ደርሳ እንደገና መርገጥ ስትጀምር ያ ሲጥ ሲጥታ ከፊቴ መጣ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም። አለቀስኩ፤ መንዳቴን ግን አላቆምኩም።

ብስክሌትህ ለማንም አትሰጥም። ዘይትም አይነካትም። አንተን የማስብህ እንዲህ ነው፤ ልጅህ ዳገት በከበዳት ቁጥር በዚያችው ቃልህ አስነሣታለሁ። ከእንግዲህ ከኋላ የምሆነው እኔ ነኝ።

ያንተዋ፣
እታገኝ