የቀይዋ መኪና ሳል

ሰኞ፣ ታኅሣሥ

ወደቀች። እንደገና ወደቀች! ጎንደር የመኪና ምርመራ ጣቢያው ውስጥ ያን ቱቦ ጭስ ማውጫዋ ላይ ሲሰኩባት የእኔ ጉሮሮ ውስጥ የገባ ነው የመሰለኝ። መርማሪው ማሽኑን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ያልተቃጠለ ቤንዚን ነው የምትተፋው» አለኝ። ባለፈው ወር ቤንዚን ይበዛባታል ተብላ ነበር የወደቀችው። ያንን አስተካከልን። ይኸው ደግሞ ሌላ።

እስከ አርብ ካላለፈች ሰሌዳዋ ይፈታል። ሰሌዳ የሌላት መኪና ቆርቆሮ ናት። ባሌ መኮንን ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ልጅ የለን፣ መሬት የለን፣ የተወልኝ ይቺን ባለ ሁለት በር ቀይ የድሮ ስፖርት መኪና ብቻ ነው። የደባርቅና የዳባት ሙሽራ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ሄዶ ፎቶ የሚነሳው በሷ ነው፤ እኔም የምኖረው በዚያ ነው። ከጥምቀት በኋላ ላለው ሠርግ ሁሉ ቃል ገብቻለሁ። ምን አባቴ ላድርግ?

እየሳለች መጣች። ዳባት መናኸሪያ በር ላይ ቆማ ስትንቀጠቀጥ የሚኒባስ ረዳቶቹ ሳቁብኝ። «እቴ፣ ብርድ መቷት ነው፤ ጋቢ ደርቢላት!» አለኝ አንዱ። መስኮቱን ዘግቼ ነዳሁ። እኔ፣ ብርቄ፣ ከረዳት አፍ ሸሸሁ!

ደባርቅ ቤታችን ስደርስ አማቴ እማማ አልጣሽ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አብረን ነው የምንኖረው፤ እሳቸውም ከመኮንን ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ፊቴን አዩና ተመልሰው ገቡ።

ማክሰኞ

ይርጋ ጋራዥ ዋልኩ። ይርጋ የመኮንን ጓደኛ ነው፤ በሱ ጊዜም ይቺን መኪና የሚነካት እሱ ብቻ ነበር። ጎንበስ ብሎ ጭሷን አሸተተና «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» አለ። አልሳቅኩለትም።

እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች ፈታ። አንደኛው እርጥብ ነው። ሁሉንም በአዲስ ቀየረ፤ ያው ናት። ገመዶቹን ቀየረ፤ ያው። የሲሊንደሮቹን ግፊት ለካ፤ ደህና ናቸው። እሳት አለ፣ ቤንዚን ይደርሳል፣ አየር ይገባል። ታዲያ ምን ሆነች? ነዳጅ ስረግጥላት ትሄዳለች፤ እግሬን ሳነሳ ትንቀጠቀጥና ልትጠፋ ትደርሳለች።

«እትዬ፣ ሞተሩ ወርዶ ቢታይ ነው የሚሻለው» አለኝ በመጨረሻ። ሞተሩ ከወረደ አርብ የሚባል ነገር የለም። ይርጋም ያውቃል፤ ሲናገር አላየኝም።

ቤት ስገባ እማማ «ምን አሏት?» አሉኝ። «በሽታዋ አልታወቀም» አልኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጡ። ምሳ ሳልበላ እንደዋልኩ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ረቡዕ

እሰይ! ይርጋ ሞተሩን ከማውረዱ በፊት ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተሯን ፈትቶ አጠበው። መልሶ ሲያስረው ዝም ብላ ሠራች። ኧረ እንደ ልብስ ስፌት መኪና! አላመንኩም፤ እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ነዳኋት። መልስ ላይ ዳገቱን አንዴም ሳትስል ወጣች። የአዲ አርቃይ መንገደኛ የጫነ አውቶቡስ ሹፌር ጡሩምባ ነፋልኝ፤ እኔም መለስኩለት። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ።

ለእማማ «ዳነች!» አልኳቸው። «ተመስገን» አሉና አለቀሱ። እኔም ትንሽ አለቀስኩ። ነገ አንድ ቀን አሳርፋትና አርብ ጎንደር።

ሐሙስ

ጠዋት አስነሳኋት። ሳለች። ያው የሰኞው ሳል።

መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። በቃ፣ አበቃ አልኩ። መኮንንን ሁለተኛ ልቀብረው ነው አልኩ።

ይርጋ ጋ እንደምንም ደረስን። የቤንዚን ቱቦዋን ነቅሎ ብርጭቆ ውስጥ ቀዳ። አስቀመጥነው። ከላይ ቤንዚን፣ ከታች ሌላ ነገር። ሁለቱ በመስመር ተለያይተው ቆሙ። «ውሃ ነው» አለ ይርጋ። «ውሃ አይቃጠልም፤ ሲገባ ሞተሩ ምት ይስታል፣ ቤንዚኑም ሳይቃጠል ይወጣል።»

ደሜ ፈላ። ማደያው ቤንዚን ስለሌለው የምቀዳው መንገድ ዳር በጀሪካን ከሚሸጠው ከሸጋው ነው። ሄድኩና በሰው ፊት «አንተ ሌባ፣ በሰው ኑሮ ላይ ውሃ ትቀላቅላለህ?» አልኩት። ያልተናገርኩት የለም። እሱ ከጀሪካኑ በብርጭቆ ቀድቶ ለተሰበሰበው ሰው አሳየ። ጥርት ያለ ነው። «እናቴ ትሙት፣ ጠብታ አልጨመርኩም» አለ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ቤት ገብቼ ለእማማ እየጮህኩ ነገርኳቸው፤ ውሃ ተገኘባት፣ ማን እንዳስገባው አልታወቀም ብዬ።

«ውሃ?» አሉኝ። «ውሃማ አይደለም። ጸበል ነው።»

«ጸበል? መኪና ውስጥ?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ ወደቀች ያልሽኝ ጊዜ ነው የጀመርኩላት። በየማለዳው በማንኪያ፣ ጎንደር በምትሄጅበት ቀን ጨመር አድርጌ፤ የቤንዚን ታንከሯ ክዳን ቁልፍ የለውም።» «ትናንት ዳነች ስልዎትስ?» ስላቸው «ጸበል ተጀምሮ ይቋረጣል እንዴ?» አሉኝ። እኔ ይህን አለማወቄ እውነት ገርሟቸው።

«የልጅዎን መኪና ገደሏት!» አልኳቸው። ከአፌ ወጣ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ጓዳ ገቡ።

ጸበል መሆኑን ነገርኩት፤ ይርጋ ታንከሩን አጥቦ አደረቀው። የወጣውን ግን ቦዩ ውስጥ አልደፋም አለ፤ ጸበል እግር የሚረግጠው ቦታ አይደፋም። ቤንዚን ያለበትን ደግሞ ዛፍ ሥር አይደፉት። ከአጥሩ ጥግ ጉድጓድ ቆፍሮ ጨመረውና ድንጋይ ጫነበት። እያማተበ።

አርብ

እማማን «አብረን እንሂድ» አልኳቸው። እምቢ አሉ፤ «እጄ መጥፎ ነው» አሉ። ለምኜ፣ ጉልበታቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። 

መርማሪው ቱቦውን ሰካ። ጠበቅን።  ማሽኑን አየ፣ ደግሞ አየ። «አልፋለች» አለ። እልል ልል ስል እማማን አየሁና ተውኩት።

ስንመለስ ዳባትን እንዳለፍን «ያለ ጸበል ዳነች አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

ብዙ ከሄድን በኋላ «መኮንንንም እኔ ነኝ ያጠጣሁት። በየጠዋቱ፣ እስከ መጨረሻው ቀን» አሉ።

መኪናዋን ዳር አቆምኳት። የሱ ሕመም ሌላ ነው፣ ሐኪሞቹም ያልቻሉት ነው፣ እርስዎ ምን አደረጉት፣ እያልኩ ብዙ አወራሁ። አንዱንም የሰሙኝ አልመሰለኝም። ቤት ስንደርስ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ፤ እህል አልቀመሱም። የማለፊያ ቦሎዋ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። ስንት ቀን ያለቀስኩለት ነገር፣ ደስ አላለኝም።

ቅዳሜ

ማልጄ፣ አፌን ሳላሟሽ፣ የጸበሉን ዕቃና ኩባያውን ይዤ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ያጠጡኝ፣ እማማ» አልኳቸው።

ዞረው አዩኝ። «እኔ? ከእንግዲህ ለማንም አልቀዳም።»

«ለእኔ ይቅዱልኝ።»

«አሞሻል እንዴ?»

«አዎ» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ሐሙስ ከአፌ የወጣው ነገር አሞኛል።

ተነስተው ተቀመጡ። ቀዱልኝ፤ ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። የተረፈውን እስከ ጠብታው ጠጣሁት። እማማ ዓይናቸውን ከፊቴ ላይ አልነቀሉም። ረፋዱን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠው፣ አንዴ ግንባሬን አንዴ እጄን እየዳበሱ፣ «ምን ይሰማሻል?» እያሉ ይጠይቁኛል። «ደህና ነኝ» እላቸዋለሁ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ይጠይቁኛል።